የሰባተኛው ምንጭ ነዋሪ

የደን ፓርኩ ባለሙያ ወይንሸት የአባ ጋዎን አፍንጫ እያስተካከለች ነበር፤ የእውነተኛውን ሳይሆን የጥላ-ሰውየውን። ጥላ-ሰው ከብርሃን የተሠራ ምስል ነው፤ በየሰዓቱ ከዛፍ ላይ ማር እየቆረጠ ለጎብኚ ፈገግ ይላል። የደኑ ጤዛ ግን ፊቱን ያጣምመዋል።

እውነተኛው አባ ጋዎ አጠገቧ ጉቶ ላይ ተቀምጠዋል።

«እኔ እንዲህ አላገጥጥም» አሉ።

ከዋና ከተማው የተላኩት ተቆጣጣሪ አቶ ልሳኑ ከበራሪ ጋሪያቸው ወረዱ። ጫማቸውን ጭቃ እንዳይነካው በፕላስቲክ ጠቅልለውታል።

«ሽማግሌው ዛሬ ይወጣሉ» አሉ፣ ሽማግሌውን ዞር ብለው ሳያዩ። «የወንዙ ዘጠኝ ምንጮች እየደረቁ ነው። ጠባቂው ደግሞ ሰባተኛው ምንጭ ላይ ዘንድሮ አርባ አንድ ጊዜ ሰው መግባቱን መዝግቧል።»

ጠባቂው ፓርኩን የሚመራው ማሽን ነው።

«ፓርኩ የቆመው ባህላቸውንም ለመጠበቅ አይደል?» አለች ወይንሸት።

«ተጠብቋል እኮ! ያውና!» ወደ ጥላ-ሰውየው ጠቆሙ።

አባ ጋዎ ከተወለዱበት ደን ሊነቀሉ ነው። ወይንሸት ቶሎ ብላ መዝገቡን ከፈተች። ስምንቱ ምንጮች ቀንሰዋል። ሰባተኛው ጠብታ አልጎደለበትም፤ ጠባቂው ግን «የመለኪያ ስህተት» ብሎ ቁጥሩን ጥሎታል።

«አባባ፣ እዚያ ምን ያደርጋሉ?»

«የምንጩን አፍ እጠርጋለሁ። ቅጠል ከደፈነው ውሃው ያኮርፋል። የእኛ ጎሳ ሥራ ነው። የሌሎቹን ምንጮች ጠራጊዎች እናንተው አስወጣችኋቸው።»

«ታዲያ ጥላ-ሰውየው ይጥረጋ!» አሉ አቶ ልሳኑ።

«ብርሃን እኮ ነው፣ ጌታዬ። ቅጠል አያነሳም።»

ተቆጣጣሪው አሰቡ፤ ሥራውን እንዳልለመዱት ላባቸው ያስታውቃል።

«እሺ፣ ይቆዩ። ግን ጠባቂው የሚያውቀው ጎብኚ፣ ሠራተኛና እንስሳ ብቻ ነው። ጎብኚ በሦስት ቀን ይወጣል። ሠራተኛ በስልሳ ዓመቱ ይሰናበታል።»



«ከእንስሳቱ የማይባረረው የትኛው ነው?» አሉ አባ ጋዎ።

«ጉሬዛ» አለች ወይንሸት አቀርቅራ። «መኖሪያውን የነካ ይታሰራል።»

«እንግዲያው ጉሬዛ በይኝ፣ ልጄ። ወገኖቼን ሰው ብላችሁ መዝግባችሁ አይደል ያባረራችኋቸው?»

አቶ ልሳኑ እፎይ ብለው አጸደቁ። ጠባቂውም ወዲያው አረንጓዴ አበራ፦ «ጉሬዛ፣ ወንድ፣ ያረጀ። ጥበቃ ይደረግለት።»

ወይንሸት የእንስሳት መለያ ቀለበቱን በሽማግሌው የእጅ አንጓ ላይ አጠለቀች። እንዳይጠብቅባቸው ጣቷን በመሃል አስገብታ ለካች፤ ከዚያ በጉጠት ቆልፋ ጉጠቱን ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠች።