አስረኛው ስልክ

ሰፈሩ «ክብሪት» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ሰው አልተሳሳተም፤ ውሃ ቀጠነ ብላ የምትጣላ፣ ተጣልታም ቶሎ የማይበርድላት ልጅ ናት። የዚያን ማክሰኞ ጠዋት ግን የተናደደችበት ምክንያት ነበራት። ተንቀሳቃሽ ዋይፋይዋን በመዳፏ ጨምቃ፣ ሰላም ላላት ሁሉ መልስ ሳትሰጥ መንገዱን አቋርጣ የሞባይል ጠጋኙ ሱቅ ገባች።

«ይሄን ጉድህን ተቀበለኝ!» ብላ መሣሪያውን ባንኮኒው ላይ አጋጨችው።

ጠጋኙ ከፈታታው ስልክ ላይ ቀና አለ። ሦስት ደንበኞች ተራ ይጠብቃሉ።

«ቀስ በይ እንጂ እህቴ። ዕቃ እኮ ነው።»

«ዕቃ? ይሄ ዕቃ ከሆነ እኔም አውሮፕላን አብራሪ ነኛ! አንተ አጭበርባሪ!»

ከሦስት ሳምንት በፊት መሣሪያውን የገጠመላት ራሱ ነበር። ስልኳ ከመደወል ሌላ የማያውቅ አሮጌ ስለሆነ ነው የገዛችው። የመሣሪያውን ጀርባ ከፍቶ ሲም ካርዱን አስገባ፣ የኔትወርኩን ቁጥሮች አንድ በአንድ ሞላ፣ መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን ጠበቀ፣ ከዚያ በገዛ ስልኩ ሞከረው። «ገባ! አየሽ? መስኮት አጠገብ አድርጊው፤ ሌላ ጣጣ የለውም» አላት። ዓይኑን ከሷ ላይ መንቀል አቅቶት የካርቶኑን ክዳን ገልብጦ ሊገጥም ሲታገል፣ አይታ እንዳላየች ሆና ነበር የወጣችው። ዛሬ ያ ሁሉ ተረስቷል።

ሥራዋ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚነት ነው። መስማት የተሳነው ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ፣ እሷ ከቤቷ በቪዲዮ ገብታ መሀላቸው ትቆማለች። የቀጠራት መሥሪያ ቤት የሰጣት የሦስት ወር ሙከራ ነው፤ በሙከራው ጊዜ መስመሩ ሦስቴ የተቋረጠበት ሰው ይሰናበታል። የመጀመሪያው ባለፈው ሳምንት ተቋረጠ። ሁለተኛው ትናንት፣ አስር ሰዓት ተኩል ላይ።

«ትናንት አንድ አዛውንት ሐኪም ፊት ተቀምጠው ነበር» አለች፣ ድምፅዋ እየተሰበረ። «ሐኪሙ ‹እንግዲህ አባባ፣ የምርመራው ውጤት› ብሎ ሲጀምር ያንተ ዕቃ ቀጥ አለ። አስራ ሰባት ደቂቃ! አስራ ሰባት ደቂቃ ሙሉ የሐኪሙን ከንፈር እያዩ ተቀመጡ፤ ኋላ ነው የነገሩኝ። መጨረሻ ላይ ‹ሐሙስ ይመለሱ› የሚል ወረቀት ተሰጥቷቸው ወጡ። ይገባሃል? ይሙቱ ይዳኑ ሳያውቁ!»

ደንበኞቹ መሬት መሬቱን አዩ። የጠጋኙ ፊት ቀላ።

«ስለ ሰውዬው አዝናለሁ» አለ። «አጭበርባሪ ግን ሰው ፊት ተብዬ አላውቅም።»

«እንግዲህ ዛሬ ተባልክ!»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቃሉ አንዴ ወጥቷል፤ እሱም ጠመንጃ እንደተደገነበት ሰው ደርቆ ቆመ።

«ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት እቤትሽ እመጣለሁ። ከተበላሸ አዲስ እሰጥሻለሁ። ጤነኛ ከሆነ ግን እዚሁ መጥተሽ፣ ሰው ፊት፣ ቃልሽን ታነሻለሽ።»

«ብትቀር ሱቅህን ላይህ ላይ ነው የማፈርሰው!» ብላ መሣሪያውን መንጭቃ ወጣች።

ቤቷ የት እንደሆነ አልጠየቃትም። እሷም በንዴቷ ልብ አላለችውም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሩን ያንኳኳው ጠጋኝ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ሸሚዙን ቀይሮ ነበር። እናትየው ከፈቱለትና «ደህና ዋልክ ልጄ?» አሉት፣ እንደሚያውቁት ሁሉ። እሷ ወንበር እንኳ ሳትሰጠው ላፕቶፑን ወደ እሱ ገፋችው።

«ስንት ሰው ነው የሚጠቀምበት?» አለ የመሣሪያውን ገጽ እየከፈተ።

«እኔ ብቻ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሞኝህን ፈልግ! የራሴን ቤት አላውቅም?»

ላፕቶፑን አዞረላት። «እንግዲያው እነዚህ እነማን ናቸው?»

ስክሪኑ ላይ የስልክ ስሞች ተደርድረዋል። «መምህሩ»። «ፀጉር ቤት አንድ»። «ፀጉር ቤት ሁለት»። «ቆንጆዋ»። «አትንኩኝ»። እንዲህ እያለ ይወርዳል።

«መሣሪያው የሚይዘው አስር ነው፤ እሱም ሞልቷል» አለ። «ያንቺ መስመር ለአፍታ ብልጭ ድርግም ካለ ቦታሽን ሌላው ይይዘዋል። ከዚያ አንዱ ካልወጣ ተመልሰሽ አትገቢም። ዕቃው ምንም አልሆነም። ፓስዎርድሽን ለሰፈሩ ያደለ ሰው አለ።»

እናትየው የጠረጴዛውን ልብስ ማስተካከል ጀመሩ። ልብሱ ግን ቀድሞም ደህና ነበር።

«እማዬ?»

«ምን ላድርግ? መምህሩ የልጆች ፈተና አለብኝ አለ። ለሱ ሰጥቼ ፀጉር ሠሪዎቹን ልከልክል?»

«ለስንት ሰው ነው የሰጠሽው?»

«ለጠየቀኝ ነዋ! ጎረቤት ውሃ ቢለምንሽ ትከለክያለሽ? ደግሞ ያንቺን ሲጠቀሙ ሁሉም ዳታ መግዛት ትተዋል፤ አሁን እንዴት ብዬ ውጡ እላለሁ?»

«ውሃ አይደለም እማዬ! ሥራዬ ነው! ያ ሰውዬ ነው!»

«ቀስ ብለሽ ተናገሪ፤ ይሰማሉ።»

«ይስሙ!» ተነሥታ መስኮቱን በረገደችው። «ሁላችሁም ውጡልኝ! አሁኑኑ!» ብላ ወደ ግቢው ጮኸች። ማዶ ፀጉር ቤት ውስጥ አንድ ማድረቂያ ጠፋ።

ጠጋኙ ጉሮሮውን ጠረገ። «በሉ እንግዲህ፣ ፓስዎርዱን እንቀይረውና» አለ፤ እጁም ዝርዝሩን ለመዝጋት ተቻኮለ። ያስነቃት መቻኮሉ ነው። እጁን ገፍታ እስከ መጨረሻው ወረደች። አስረኛው ስም «ጠጋኙ» ይላል።

«ይሄ ማነው?»

«ስልኬ ነው። የገጠምኩልሽ ቀን ስሞክረው ፓስዎርዱን ያዘ። ቀረብ ስል ራሱ ይገባል።»

«ቀረብ ስትል? እዚህ ሰፈር ምን ያቀርብሃል? ሱቅህ ማዶ ነው።»

እናትየው አፋቸውን ቢይዙ ይሻል ነበር፤ አልያዙም። «ይሄ ልጅ እኮ በየቀኑ ከአጥሩ ጥግ ይቆማል። ሰው የሚጠብቅ መስሎኝ ሰላም እለዋለሁ፤ ጨዋ ልጅ ነው።»

ክብሪት ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረች። ቀስ ስትል ነው የምታስፈራው። «ትናንት አስር ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበርክ?»

መዋሸት ይችል ነበር። ሱቅ ነበርኩ ቢል ማን ይመሰክርበታል?

«አጥራችሁ ጋ» አለ።

«ምን ያህል ቆምክ?»

«ሩብ ሰዓት ይሆናል። ትንሽ ቢበልጥ ነው።» ራሱም ገና አሁን ገባው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «ላንኳኳ ነበር የመጣሁት። እንደ ሁልጊዜው ፈራሁ።»

«ምን ፈልገህ ነው የምታንኳኳው?»

«አንቺን ነዋ!» አለ እሱም ጮክ ብሎ። «ሌላ ምን እፈልጋለሁ? የእናትሽን አጥር?»

ልቧ ዘለለ። መዝለሉን ስታውቅ ደሟ ይበልጥ ፈላ።

«የሰውዬውን አስራ ሰባት ደቂቃ የወሰድከው አንተ ነህ» አለች። «እኔን ፈልገህ እኔኑ አስወጣኸኝ! አንድ በር ማንኳኳት አቅቶህ! ቃሌን አላነሳም። ውጣልኝ!»

«ፓስዎርዱን ሳትቀይሪ—»

«ውጣ አልኩህ!»

ወጣ። እሷ ያን ቀን ሁለት ብርጭቆ ሰበረች። እያጠበች ሳለ «አንቺን ነዋ» የሚለው ድምፅ ይመጣባታል፤ በመጣ ቁጥር ትቆጣለች። እናትየው በበኩላቸው ቤት ለቤት ዞረው፣ እያፈሩ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ከዋይፋዩ እንዲወጣላቸው ለመኑ። መምህሩ አኮረፋቸው።

«እኔ ጥፋቴን አምኛለሁ» አሉ ረቡዕ ጠዋት። «ግን ሰው ተወደድኩ ብሎ እንዲህ ይቆጣል?»

«እማዬ፣ በሕግ ተይኝ!»

ረቡዕ ከሰዓት አለቃዋ ደወለች። «አዛውንቱ ነገ አስር ሰዓት ይመለሳሉ። ሌላ አስተርጓሚ እንስጥዎ ብንላቸው እምቢ አሉ። ያቺው የጀመረችው ልጅ ትጨርስልኝ ብለዋል። ሦስተኛው ከተቋረጠ ግን እኔም ላድንሽ አልችልም፤ እወቂው።»

ሐሙስ፣ ለአስር ሰዓት ሃያ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ዝርዝሩን ከፈተች። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቷል፤ «አትንኩኝ» የሚባለው ብቻ አሁንም አለ። ፓስዎርድ የሚቀየርበትን ቦታ ብትፈልግ አጣችው። ያን ጊዜ ነው መሣሪያው ጎን ላይ ያለችው ጠባብ ቀዳዳ ትዝ ያለቻት፤ በመርፌ ከተነካች ሁሉን ጠራርጋ ታጠፋለች ሲባል ሰምታለች። መርፌ አመጣች። ስትወጋው ደስ እያላት ነበር። ቀርቦ በቆመ ቁጥር የሚገባው የዚያ ደረቅ ስምም አብሮ ይጥፋ!

ጠፋ። የእሱም፣ የጎረቤቱም፣ እሱ በእጁ የሞላቸው የኔትወርኩ ቁጥሮችም። አረንጓዴው መብራት ቀይ ሆኖ ቀረ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

የሱቁ ስልክ ቁጥር ካርቶኑ ላይ አለ። አየችው። ከምትደውልለት ምላሷ ቢቆረጥ ትመርጥ ነበር። ከዚያ አዛውንቱን አሰበች፤ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከንፈር ሲያዩ። ደወለች።

«ና» አለችው።

«ምን ሆንሽ?»

«ና አልኩህ! ሃያ ደቂቃ ነው ያለኝ!»

ዕቃ ሊገዛ ከሄደበት ገበያ እያለከለከ ሲገባ አራት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። መሣሪያውን አነሣና አገላብጦ አየው።

«ምን አደረግሽው?»

«ወጋሁት።»

«ወጋሁት? ሰው ዋይፋይ ይወጋል?»

«ያንተን ስም ላጥፋ ብዬ ነው!»

«ጎሽ! ሁሉንም አጠፋሽዋ! ይሄን መመለስ ሩብ ሰዓት ይፈልጋል።» ስልኩን አወጣ። «በኔ ስልክ ግቢ። ዋይፋዩን ከፍቼልሻለሁ።»

«ፓስዎርድ?»

«ከአንድ እስከ ስምንት።»

«ከአንድ እስከ ስምንት? ይሄ ነው የባለሙያ ፓስዎርድ?»

«አሁን ነው የምትጣይኝ?»

የእሱ ስልክ ኔትወርክ የሚይዘው መስኮቱ ላይኛው ጥግ ላይ ብቻ ሆነ። ክንዱን ዘርግቶ እዚያ ያዘው። እናትየው ደጃፍ ቆመው መንገደኛውን ሁሉ ዝም ያሰኛሉ።

«ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙር» አለችው። «የሰው ምስጢር ነው።»

አዞረ።

አዛውንቱ ብቅ አሉ። ሐኪሙ ገና አልገባም። ክፍሏ ውስጥ አንድ ሰው ስልክ ይዞላት እንደቆመ፣ ፊቱን እንዳዞረ፣ ካልፈቀዱ እንደምታስወጣው በእጇ ነገረቻቸው።

«ባልሽ ነው?» አሉ በእጃቸው።

«አይደለም። እንዲያውም ተናድጄበታለሁ።»

«እንግዲያው ባልሽ ነው። ይቁም» አሉ።

ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ጠጋኙ ምንም አልሰማም፤ ሁሉም የተባለው በእጅ ነው።

ሐኪሙ ገባ። ድምፁ በጆሮ ማዳመጫዋ ብቻ ይመጣል፤ እሷ በእጇ ለአዛውንቱ ታደርሳለች። የአዛውንቱን ቃል ደግሞ ለሐኪሙ በድምፅ ትናገራለች። የሥራው ደንብ ‹እኔ› ብለው ከተናገሩ ‹እኔ› ማለት ነው። ስለዚህ ጠጋኙ፣ ግድግዳውን እያየ፣ በእሷ ድምፅ እንዲህ ሲባል ሰማ፦

«እውነቱን ንገረኝ፤ አታባብለኝ።»

ረጅም ዝምታ። የእጅጌዋ መንሿሿት ብቻ ይሰማል።

«ብቻዬን ነው የምኖረው።»

ዝምታ።

«ፈርቻለሁ።»

ሐኪሙ የመለሰላቸውን አያውቅም። ቀኝ ክንዱ ሲደነዝዝ ስልኩን በግራው ያዘ፤ ግራው ሲዝል ወደ ቀኝ መለሰ። ሃምሳ ደቂቃ እንዲህ ቆመ። መስመሩ አንዴም አልተቋረጠም።

ላፕቶፑ ተዘጋ። «ምን አሏቸው?» ብሎ እንዲጠይቃት ጠበቀች፤ ቢጠይቅ ታስወጣው ነበር። ሰው ሁሉ ይጠይቃል፤ እናቷ እንኳ ይጠይቃሉ። እሱ አልጠየቀም።

«ልዙር?» አለ።

«አትዙር።» እያለቀሰች ነበር። «እዚያው ሆነህ ስማኝ። በየቀኑ አጥር ስር ቆመህ ስላላንኳኳህ በጣም ተናድጄብሃለሁ። ፈሪ ነህ።»

«ነኝ።»

«አትስማማኝ! ስትስማማ ይብስብኛል። ሁለት ቀን ሙሉ ስሰድብህ ከረምኩ፤ ስድቡ ሲያልቅብኝ እንደገና እጀምራለሁ። አሁን ደግሞ ‹ፈርቻለሁ› ስል፣ አንተ እዚህ በመቆምህ ደስ አለኝ። ሰው በሌላው ጭንቅ መሀል ደስ ይለዋል? ይሄም አናደደኝ!»

ጠጋኙ ግድግዳው ላይ ዓይኑን እንደተከለ ጠየቃት።

«ይሄን የሚሉት አዛውንቱ ናቸው ወይስ...»

«እኔ ነኝ!» አለች። «እያስተረጎምኩ አይደለም፣ አንተ ደረቅ! የራሴን ነው የምናገረው። እወድሃለሁ እያልኩህ ነው! እንዳትዞር ብያለሁ!»

ዞረ። እሷም እንባዋን ሳትጠርግ ባለችበት ቆማ ጠበቀችው።