ሎሚ ነው የተኮስነው

ሎሚው የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ድምፁን ግን ሱዳን ውስጥ ያለው የስደተኞች ካምፕ በሙሉ ሰማው።

ሸዊትና ዛኪር የተኮሱት ከሰፈሩ ጀርባ ካለው ሸለቆ ውስጥ ሆነው ነበር። በታመቀ አየር የሚተኩሰውን ቧንቧ ለመሥራት ሦስት ሳምንት ፈጅቶባቸዋል። የዛኪር አባት ገበያው ውስጥ ጎሚስታ ናቸው፤ የትራክተር ጎማ ይጠግናሉ። ቧንቧውንም መንፊያውንም የተዋሱት ከእሳቸው ነው፣ ሳይጠይቁ መውሰድ መዋስ ከተባለ። ተራ በተራ ሲነፉ ላባቸው ተንጠፈጠፈ። ከዚያ ሸዊት ለቀቀችው።

«ወላሂ፣ ሎሚው ከሰላ ከተማ ገብቷል» አለ ዛኪር ጆሮውን እያሸ።

«ከሰላንማ አልፎት ሄደ። አሁን ቀይ ባሕር ላይ ዓሣ እያባረረ ነው።»

በዚህ ሸዊትን የሚያህላት የለም። አንድ ጊዜ ኸሽም ኤል ቂርባ ግድብ ውስጥ በሬ የሚያህል አምባዛ በዓረብኛ ሰላም እንዳላት ለክፍሏ ልጆች ስታወራ፣ መምህሩ ጭምር ጠመኔውን ይዞ ሲሰማት ነበር።

ሳቃቸው ሳያልቅ ከሰፈሩ «ጦርነት!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ሽቅብ ወጥተው ሲያዩ እናቶች ልጆቻቸውን እየነጠቁ ይሮጣሉ፣ ገሚሱ ጨርቁን በፌስታል ያጭቃል። ዛኪር ቧንቧውን ቁጥቋጦ ውስጥ ወርውሮ እብስ አለ።

የሰፈሩ ኮሚቴ አቶ ካላዩ ሸዊትን ክንዷን ያዟት። «በዛ በኩል ነበርሽ። ምንድን ነው?»

«እኛ ነን» ልትል አፏን ከፈተች። ግን ክንዷን የጨበጠው የአቶ ካላዩ እጅ ጉንጯ ላይ ሲያርፍ ታያት።

«ከወንዙ ማዶ ነው» አለች። «ጭስም አይቻለሁ።»

ጭሱን ለምን እንደጨመረችው እሷም አታውቅም። ልማድ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን «ሂጂ፣ አንቺ ቀጣፊ» ትባል ነበር። የፈራ ሰው ግን ምስክር አይመርጥም፤ ያን ቀን አመኗት።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ከሰላ የሚሄድ የሰሊጥ ሎሪ ገበያው ዳር ቆሞ፣ ጎረቤቷ እትዬ ብፅአት ሁለት ልጆቻቸውን ሲያሳፍሩ አየች።

እትዬ ብፅአት ስንት ዓመት ሙሉ ከዚያች ጎጆ ንቅንቅ ያላሉ ሴት ናቸው። ጦርነቱን ሸሽተው ድንበሩን ሐምዳይት ላይ ሲሻገሩ ከባላቸው ተለያይተው ነበር። በሰው በሰው የደረሳቸው መልእክት «ካለሽበት እንዳትነቃነቂ፣ ፈልጌ አገኝሻለሁ» የሚል ነው። ሌላው ወደ ከተማ ሲወጣ እሳቸው ቀሩ። ክረምቱ ጎጆዋን ሲያፈርሳት እዚያው ቦታ ላይ መልሰው ሠሯት።

«እትዬ ብፅአት፣ አይሂዱ። ትናንት ጦርነት አልነበረም። እኔ ነኝ። ከዛኪር ጋር በአየር የሚተኩስ ቧንቧ ሠርተን ነው። ሎሚ ነው የተኮስነው።»

እትዬ ብፅአት ዞረው አዩዋት። ከዚያ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሐል ፈገግ አሉ።

«ሎሚ?» አሉ። «ጓለይ፣ ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ከየት ነው የምታመጪው? እንዳልሄድብሽ ነው፣ አውቃለሁ።»

«እናቴ ትሙት፣ ተረት አይደለም። ቧንቧውን ላምጣልዎት።»

«ያላ፣ ያላ» እያለ ሹፌሩ በሩን ደበደበ።

«ያኔ አገራችን ጦርነቱ ሲጀመርም የሚያረጋጋን አልጠፋም ነበር» አሉ እትዬ ብፅአት ዝቅ ባለ ድምፅ። «የሠርግ ርችት ነው ብለውን ቁጭ አልን።» ግንባሯን ሳሟትና ሎሪው ላይ ወጡ።

ሸዊት ወደ ሸለቆው በረረች። ቧንቧውን ከቁጥቋጦው ጎትታ ስትመለስ ከሎሪው የቀረው አቧራው ብቻ ነበር።

ቧንቧውን አቶ ካላዩ እግር ሥር አስቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው። በጥፊ አልመቷትም። ቢመቷት ይሻላት ነበር።

«ብፅአት ስልክ አላት?» አሉ።

«የላቸውም።»

«በሹፌሮቹ በኩል መልእክት እልካለሁ። ከሰላ ግን ሰፊ ነው» አሉና ፊታቸውን በመዳፋቸው አሹ። «ጎጆዋም ባዶ አይቀመጥም፣ ለሌላ ሰው ይሰጣል።»

«እስኪሰጥ ከትምህርት መልስ እኔ ልቀመጥ?»

«ምን ልትሠሪ?»

«ባላቸው ከመጡ፣ የሄዱበትን የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል።»

አቶ ካላዩ ቧንቧውን በእግራቸው ገፋ አደረጉት። «ምን አስወጣት ቢልሽስ?»

ወሬ ስትፈጥር ቃል አጥሯት አያውቅም ነበር። አሁን የመጣላት አንድ ቃል ብቻ ነው።

«እነግራቸዋለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ደብተሯን ይዛ እትዬ ብፅአት ደጃፍ ላይ፣ መንገዱ በሚታይበት በኩል ተቀመጠች።