ግማሹን ብቻ ተረጎምኩለት

ልጆቼ፣ ይህን አባታችሁ በሕይወት ሳለ አውርቼው አላውቅም። ደግ ሰው ነበር፣ ቢሰማም አይቀየመኝም ነበር፤ ግን ከአፌ አልወጣ አለኝ።

አምሳ ስድስት ዓመተ ምህረት ላይ ነው። ነገሌ ቦረና፣ ጦር ሰፈሩ አጠገብ ነበር የምንኖረው። አባቴ ባሻ ወልደገብርኤል ከጎንደር የመጡ ወታደር ናቸው። እኔ ግን እዚያው ተወልጄ ከሰፈር ልጆች ጋር ኦሮምኛ እያወራሁ ነው ያደግሁት።

ጂሎን ያወቅሁት በማለዳ ውሃ ሲጠይቀኝ ነው። ከሊበን ሜዳ በኩል እየሮጠ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል።

«አካም፣ ናጋ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ።

«ናጋ። ማን እያባረረህ ነው?»

«ሚዛን» አለና ሳቀ።

ለውትድርና ተመዝግቦ ሃምሳ ሁለት ኪሎ ሆኖ ተመልሷል። የሚፈለገው ሃምሳ አምስት ነው። ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ምልመላ አለ፤ እስከዚያ ሰውነቴን አወጣለሁ ብሎ ተነስቷል።

ከዚያ ወዲያ ማለዳ ማለዳ ይመጣ ጀመር። ሁለት ጣሳ ሲሚንቶ ሞልቶ በብረት ያያያዘውን ክብደት በጦር ሰፈሩ ሜዳ ዳር ያነሳል፤ ከዚያ በራችን አልፎ እየሮጠ ይመለሳል። እኔ ወተት ይዤ እጠብቀዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ብዙ አናወራም ነበር። ሲጠጣ በጣሳው አፍ ላይ አሻግሮ ያየኛል፣ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። አባቴ ልጄን የምሰጠው ለወታደር ነው ባይ ናቸውና የዚያ ሚዛን ነገር ከእሱ ይልቅ እኔን ያስጨንቀኝ ነበር።

አንድ ቀን የጦር ሰፈሩ የስፖርት አሰልጣኝ፣ አስር አለቃ አበባየሁ፣ ጠራኝ። ጂሎ ያኔ አማርኛ አይሰማም።

«ሀረገወይን፣ ለዚህ ልጅ ንገሪልኝ» አለ። «ጡንቻ የሚወጣው ሲበላና ሲያርፍ ነው። ሩጫ ለልብ ጥሩ ነው፤ ግን በየቀኑ ይህን ያህል ከሮጠ የጠጣውን ወተት መንገድ ላይ ይጨርሰዋል። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃዋል። ሌላውን ቀን እቤቱ ሆኖ ክብደት ያንሳ፣ ምግብም ይጨምር።»

ሁለት ቀን። አምስት ማለዳ ጂሎ የለም ማለት ነው።

ዞር አልኩና በኦሮምኛ፣ «ብዙ ብላ፣ ብረቱንም በርታና አንሳ ይልሃል» አልኩት።

«ሩጫውስ?»

«ጎበዝ ነህ ይልሃል።»

አስር አለቃው የተግባባን መስሎት ሄደ።

ጂሎ ጎበዝ መባሉን ሲሰማ ጭራሽ ሩጫውን ጨመረ። ክንዱ ትንሽ ጠጠር ቢልም ጉንጩ ገባ። እኔ ደግሞ ከእናቴ ማሰሮ ቅቤ እየሰረቅሁ ወተቱ ላይ እጨምርለታለሁ።

«እንዲህ እያበላሽኝ ምንድነው የሚያከሳኝ?» አለኝ አንድ ቀን።

«እኔን ማየት ነው» ብዬ ቀለድኩበት። እሱ አልሳቀም። እውነቱን ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገም መጣ፣ አልነገርኩትም።

የምልመላው ቀን ሚዛኑ ላይ ወጣ። ሃምሳ አራት ኪሎ። አንድ ኪሎ ጎደለ።

አስር አለቃው ተናደደ። «ሩጫ ቀንስ አላልኩህም? አልነገረችህም?»

ጂሎ በሦስት ወር ውስጥ ከእኔ ትንሽ ትንሽ አማርኛ ለምዷል። «ሩጫ ቀንስ» የሚለው ገባው። ዞሮ አየኝ። አባቴም አጠገቤ ቆመው አዩኝ።

«ነግራኛለች ጋሼ» አለ ጂሎ በተሰባበረ አማርኛው። «እኔ ነው ያልሰማ።»

«ትዕዛዝ የማይሰማ ወታደር አይሆንም» አሉ አባቴ። አስር አለቃውም ለሚቀጥለው ምልመላ እንዳትመጣ አለው።

ከሜዳው ሲወጣ ተከትዬ ደረስኩበት።

«ለምን ዋሸህ?»

«አባትሽ እያዩሽ ነበር» አለ። ቀጠለና፣ «አንቺስ?»

«መምጣትህን የምትተው መስሎኝ።»

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

«ሀረግ» አለኝ፣ «ብትነግሪኝ ኖሮ እየተራመድኩ እመጣ ነበር።»

በዚያው ሳምንት በጭነት መኪና ድንበር አጠገብ ወዳለችው ሜጋ ወረደ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።