በሳቅ ያለቀው ፊልም

«ወንበሬ ላይ ነሽ።»

«ስምሽ የታል የተጻፈው?» አለችኝ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለች።

ዩስርን ያወቅኋት እንዲህ ነው፤ ቱኒስ፣ የፊልም ክበባችን ውስጥ። አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአጠገቧ አልጠፋሁም። ለሰው ጓደኛሞች ነበርን። ለእኛ ግን... እሱን የምናውቀው እኛው ነን።

ከዚያ ዩስር ፊልም ሠራች። «ዘመዳሞች ነን» ብለው አንድ ቤት የተከራዩ ሁለት ሴቶች ይዋደዳሉ። አከራያቸው ለሁለቱም ባል ስታፈላልግ ትባጃለች፤ እነሱ ግን በመጨረሻ አብረው ይኖራሉ። ሆድ እስኪያም ያስቃል። እኔ ደግሞ የጋዜጣ ሐያሲ ነኝ። ባሞግሰው «አንቺ በምን አወቅሽ?» ሊሉኝ ነው! ፈራሁና «ፍጻሜው አይታመንም፤ እንዲህ ያለ ደስታ እኛ አገር የለም» ብዬ ጻፍኩ።

ቅዳሜ ክበቡ ፊልሙን አሳየ። ውይይቱን የምመራው እኔ ነበርኩ። እናቴም ልታየኝ መጥታ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። በአክብሮት «ሲ ለዝሃር» የምንላቸው አንጋፋ ሐያሲ ጽሑፌን እያውለበለቡ ተነሥተው፣ መድረክ ላይ ከጎኔ ወደተቀመጠችው ዩስር ዞሩ።

«ልጄ፣ ሴቶቹ ቢያለቅሱ፣ አንዷ እንኳ ብትሞት፣ እኛም አብረን እናለቅስ ነበር። የምን መሳቅ ነው? ይኸው ዱርሳፍም አላመነችውም!»

ዩስር ወደ እኔ ዞረች። በሰው ፊት አንቱ ነበር የምትለኝ።

«እውነት አላመኑትም?»

ማይኩን ወደ አፌ አስጠጋሁ።

«አምኜዋለሁ» አልኩ። «ሦስት ጊዜ አይቼ ሦስቴም ስቄያለሁ። ውሸቱ የእኔ ጽሑፍ ነው።»

አዳራሹ አጨበጨበ። የዩስር ዓይን እንባ ሞላ። እኔም የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር...

በር ላይ እናቴ ዩስርን አቅፋ ሳመቻት።

«አንጀቴን አራስሽው የኔ ልጅ! አከራይዋማ ቁርጥ እኔን!» ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለች። «ግን ዱርሳፍ፣ እንዲህ ያሉ ሴቶች እኛ አገር አሉ እንዴ?»

ዩስር አየችኝ። «አለን» ማለት ብቻ ነበረብኝ። አንዲት ቃል!

«የሉም እማዬ።»

«እኔም ብያለሁ!» አለች እናቴ።

ዩስር ፈገግ አለች።

«አይዞሽ» አለችኝ ቀስ ብላ፤ ሄደች። በወሩ ፈረንሳይ፣ ማርሴይ ገባች። ስልኬን አታነሣም፤ አልፈርድባትም።

አሁን ፊልሙን የማያሞግስ ሐያሲ የለም፤ ሲ ለዝሃር እንኳ ሳይቀሩ። እናቴም ለጎረቤት ሁሉ እያወራች በሳቅ ትፈርሳለች። እኔም አብሬያት እስቃለሁ። ካልሳቅሁ ለምን ብላ ትጠይቀኛለቻ!