በስተኋላ የሚገቡት

ይህ የተፈጠረ ወሬ አይደለም። "አላምንም" የሚለኝን ሰው አልቀየመውም፤ ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው እኔም አላምንም ነበር። ግን የደረሰው በእኔ ላይ ነው... በገዛ ቤቴ ውስጥ።

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር፣ የኅዳር ወር መጨረሻ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ቦታው ሰሜን እንግሊዝ፣ የካልደርን ሸለቆ ተከትሎ የሚሄደው የጀልባ ቦይ።

ከጠዋት ጀምሮ የነበረው ጉም ገና ከውሃው ላይ አልተነሣም።

ቤታችን የሆነችውን ጀልባ ልናስርባት ስለፈለግናት ባዶ ቦታ ሁለት ሰዎች ሁለት የተለያየ ነገር ነገሩኝ።

ማቪስ የምትባል፣ ከቦታዋ ቀጥሎ ባለው ጀልባ የምትኖር አሮጊት ልብስ እያሰጣች እንዲህ አለችኝ፦ "እዚህ ሃያ ዓመት ኖሬበታለሁ፤ አንድም ጀልባ ታስሮባት አላየሁም። ባዶ ናት። ያ ሽማግሌ ጎረቤት ስለማይወድ ነው ሰው የሚያባርረው። ግባ የኔ ልጅ፣ እሰር!"

ሽማግሌው ሴልዊን ደግሞ ከጀልባው በር ላይ ቆሞ ሻዩን እያማሰለ፦

"ሰው አለባት" አለኝ።

"የት አለ?"

"ወጣ ብለው ነው። ይመለሳሉ።"

"መቼ?"

"ሲመሽ።"

ከሁለቱ አንዳቸው እየዋሹኝ እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ። ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን እንደሚችል... በፍጹም አልመጣልኝም።

ቦታዋን ላስረዳችሁ። ያ የቦዩ ክፍል ጢም ብሎ የሞላ ነበር። ቦታ ሲጠበን ጎን ለጎን ነው የምንታሰረው። አንዱ ጀልባ ዳርቻውን ይይዛል፤ ሌላው እሱን ተደግፎ ከውጭ ይታሰራል። የውጭው ሰው ወደ መሬት ሲወርድ በውስጠኛው ጀልባ ላይ ተራምዶ ያልፋል።

የሴልዊን ጀልባ ከውጭ ነበረች።

ከውስጥ ግን ምንም የለም። በእሷና በዳርቻው መካከል ውሃ ብቻ። ገመዶቿ ባዶውን ውሃ ተሻግረው መሬት ላይ ታስረዋል። አንድ ረጅም ሳንቃ እንደ ድልድይ ተዘርግቷል። ከዳርቻው የሚያርቃት ዘንግ የለም፤ ግን አትጠጋም። ልክ የአንድ ጀልባ ወርድ ያህል ርቃ... ዝም ብላ ቆማለች።

"አልወደድኩትም" አለች ቴሳ በጆሮዬ።

ቴሳ ሚስቴ ናት። ልትወልድ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ቋሚ ቦታ የሌለው ጀልባ በየሁለት ሳምንቱ እየተነሣ መሄድ አለበት፤ እኛም ዓመቱን ሙሉ ስንሄድ ነው የኖርነው። አዋላጇ ግን ቁርጡን ነግራን ነበር፦ "ምጥ ሲመጣ ቦይ ለቦይ እየሮጥኩ ላፈላልጋችሁ አልችልም። አንድ ቦታ ያዙና ንገሩኝ።"

ለብርዱ ወራት የመቆየት ፈቃድ አለን። የጎደለን ቦታ ብቻ ነው። ይህቺ ደግሞ ከድልድዩ አጠገብ ናት፤ አምቡላንስ እስከ በሩ ይደርሳል። ከዚህ ካለፍን ያለው ጫካና ጭቃ ነው። በዚያ ላይ ቅዳሜ ጀልባዎችን ወደ ላይኛው ከተማ የሚያሳልፈው የውሃ በር ለጥገና ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ወዴትም መንቀሳቀስ የለም።

"ሌላ ቦታ ፍለጋ ከሄድን" አልኳት፣ "ልጁ መሪ ጨብጦ ነው የሚወለደው።"

ሳትፈልግ ሳቀች።

ረጅሙን ዘንግ አውጥቼ ውሃውን ለካሁ። ጥልቀቱ ይበቃል። ድንጋይ የለም። "እንግባ?" ብዬ ሴልዊንን ጠየቅኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። እሱ ግን ሳንቃውን አንሥቶ ገመዱን ፈታልኝ።

"ከልክዬ አላውቅም፣ ልጄ" አለ። "የነገርኩህ ኋላ አልሰማሁም እንዳትል ነው።"

ጀልባችን እንደ መሳቢያ ሸርተት ብላ ገባች። በዚህም በዚያም ጣት የሚያስገባ ክፍተት አልቀረም።

አሁን ጀልባ ላይ ኖሮ የማያውቅ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ሰው ሲሳፈር ጀልባው ወደ እግሩ ዘንበል ይላል። ሲወርድ ይመለሳል። ተኝተህም ቢሆን በጎንህ ይሰማሃል። የእያንዳንዱ ሰው አረጋገጥ ደግሞ የራሱ ነው። የቴሳ መጀመሪያ ቀስ ይልና ከዚያ በሙሉ ክብደቷ ነው። ከጠረጴዛችን በላይ የተንጠለጠለው ፋኖስ ሲወዛወዝ ብቻ አይቼ "መጣች" እላለሁ። ተሳስቼ አላውቅም።

ሌላም አለ። በሰው ጀልባ ላይ የሚያልፍ ሰው በፊት በኩል ነው የሚያልፈው። ጣራውን ሦስቴ አንኳኩቶ "ልለፍ?" ይላል። በኋላ በኩል ማንም አያልፍም። መኝታው እዚያ ነው። በኋላ የሚገባ የቤቱ ሰው ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ልክ ሊመሽ ሲል፣ ሴልዊን አንኳኳ።

"ልለፍ?"

"እለፍ!"

ጀልባዋ በፊት በኩል ወደሱ ዘንበል አለች፤ ከዚያ ወደ ዳርቻው፤ ከዚያ ተስተካከለች። "እግዜር ይስጥልኝ" አለ ከመሬት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

"እናንተም።"

"ለማነው?" አለች ቴሳ።

"ለእኛ ነዋ።"

"ለእኛማ አንዴ አለ።"

መልስ ሳልሰጣት... ጀልባዋ ዘንበል አለች።

በኋላ በኩል።

ቀስ ያለ፣ ከባድ እርምጃ። አንድ። ፋኖሱ ተወዛወዘ። ሴልዊን ነው ብዬ ወደ በሩ ሄድኩና ከፈትኩ።

ጉም ብቻ።

ሴልዊንን በፊት በኩል አየሁት፤ ዳቦ ቤት ወዳለበት መንገድ እየሄደ ጀርባው ከጉሙ ውስጥ ሊጠፋ ነበር።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ያለፈ ሰው ሲወርድ ጀልባዋ መመለስ አለባት። ጠበቅኩ። ሻዬ ቀዘቀዘ።

አልተመለሰችም።

ረቡዕ ጠዋት ማቪስ የለችም። "ሃያ ዓመት ኖሬበታለሁ" ካለችው ቦታ ሳይነጋ ከነጀልባዋ ተነሥታ ሄዳለች። ያሰጣችው ልብስ በዳርቻው ገመድ ላይ እንዳለ ነበር፤ ገና እርጥብ።

"ለወግ እንኳ ደህና ሁኑ አይባልም?" አለች ቴሳ።

በቀልድ ልመልስላት ስል ዓይኔ ፋኖሱ ላይ ዐረፈ። ፋኖሱ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ነው የሚንጠለጠለው። ከግድግዳው ጋር ሳስተያየው ግን... ዘመም ብሏል። በትክክል ለመናገር፣ የዘመመው ፋኖሱ አልነበረም። እኛ ነበርን።

ውሃ ገብቶ ይሆናል ብዬ ወለሉን አነሣሁ። የጀልባዋ ሆድ ደረቅ ነው፤ አቧራ አለው። ከሰሉን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው አዛወርኩ። የውሃ በርሜሉን አጎደልኩ። ምንም ለውጥ የለም።

ሲመሽ፣ ቴሳ ሾርባ እያማሰለች፣ እንደገና መጣ።

በኋላ በኩል። ግን የትናንቱ አልነበረም። ይሄኛው ቀለል ያለ፣ ቸኮል ያለ። ከኋላው ደግሞ ሌላ።

ሾርባው ወደ ድስቱ አንድ ጠርዝ ሄደ። እዚያው ቀረ።

ቴሳ ማማሰያዋን ይዛ አየችኝ። "ስንት ሰው ነው?" አለች በሹክሹክታ።

"ሰው የለም።"

"እኔ የጠየቅኩህ ስንት ነው ብዬ ነው።"

በሩን ከፈትኩ። የሴልዊን መስኮት በርቷል፤ እሱ ጠረጴዛው ላይ ድንች ይልጣል።

እንግዲህ ሽማግሌውን ጠረጠርኩት። በማስረጃ ሳይሆን ሌላ የምጠረጥረው ስላልነበረኝ። ጀልባዎቹ ተጣብቀዋል፤ ቦታውን እንድንለቅ ብሎ ጠርዛችንን በእግሩ ቢጫነው ማን ያየዋል? ሰውን ሳላጣራ መወንጀል ደግሞ አልፈለግኩም። ሐሙስ ሊመሽ ሲል፣ ወደ ሱቅ ሲሄድ ጠብቄ፣ ዳርቻው ላይ አቆምኩትና ፊት ለፊት ጠየቅኩት።

"ሴልዊን፣ ማታ ማታ ጀልባዬን የምትነካካው አንተ ነህ?"

አልተቆጣም። የገበያ ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ።

"ወገቤን አሞኝ ካልሲዬን ለማጥለቅ ግማሽ ቀን የሚፈጅብኝ ሰው ነኝ" አለ። "አንተን ላስፈራራ በጠርዝ ላይ እዘላለሁ?"

"ታዲያ ማነው?"

"የነገርኩህን ረሳኸው?"

"ባዶ ቦታ ነበር! በዓይኔ ያየሁት ውሃ ነው!"

"እኔ ጀልባ አለ አላልኩህም" አለ ሴልዊን በቀስታ። "ሰው አለ ነው ያልኩህ።"

ይህን እያለኝ፣ ሁለታችንም መሬት ላይ ቆመን፣ ጀልባዬ በኋላ በኩል ዝቅ አለች።

አየኋት። ውሃው ከብረቱ ጋር ሲማታ ሰማሁ። ዝቅ... ዝቅ... ዝቅ። እንደ ቤተሰብ፣ አንዱ ሌላውን ተከትሎ።

ሴልዊን ባርኔጣውን አነሣ። ለእኔ አልነበረም።

ከዚያ ከውስጥ የቴሳን ድምፅ ሰማሁ፦

"ግቡ።"

እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ቴሳ ምድጃው ጥግ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋለች። ፊቷ ወረቀት መስሏል።

"ማንን ነው ግቡ ያልሽው?"

"እኔ?"

"አሁን! 'ግቡ' አልሽ!"

"እኔ አፌንም አልከፈትኩም" አለች። "አንተ መስለኸኝ ነበር። የአንተን ድምፅ ነው የሰማሁት።"

እጄን ያዘችኝ። "ነገ እንሂድ። ጫካም ቢሆን፣ ጭቃም ቢሆን። እዚህ ልጄን አልወልድም። ማልልኝ።"

ማልኩላት። ተቃቅፈን፣ ልብሳችንን ሳናወልቅ፣ እዚያው ምድጃው አጠገብ አደርን። ወደ መኝታው የሄደ የለም።

ዓርብ ጠዋት ሞተሩን አስነሣሁ። ጉሙ ከማክሰኞው ብሶ ነበር። የሚሰበረውን ዕቃ ሁሉ ቴሳ ራሷ ጠቅልላ ጨርሳለች። እኔ ከኋላ መሪውን ያዝኩ። ገመድ የምትፈታው ሁልጊዜ እሷ ናት።

"ቀስ በይ፣ ያዳልጣል።"

"ዓመቱን ሙሉ የፈታሁት ገመድ ነው፣ አያቴ ሆይ" አለች። ግንባሬን ሳመችና በፊት በኩል ወረደች።

ጀልባዋ በፊት በኩል ከፍ አለች። የሷ አወራረድ ነው፤ መጀመሪያ ቀስ፣ ከዚያ በሙሉ ክብደቷ። በእግሬ መዳፍ ለየሁት።

ጉሙ ዋጣት።

ጠበቅኩ።

"ቴሳ?"

የገመድ ድምፅ ይሰማኛል። ገመድ በብረት ቀለበት ውስጥ ሲሳብ።

"ቴሳ፣ ፈታሽው?"

የፊተኛው ገመድ ላልቶ መውደቅ ነበረበት። አየሁት... እየተወጠረ ነው። አንድ ዙር። ሁለት ዙር። ሰው እንዳይነሣ አድርጎ ሲያስር እንደሚያደርገው። ከዚያ የኋላው፣ ከአጠገቤ ያለው፣ እንደዚያው ተወጠረ።

ከዚያ ከጉሙ ወጣች። ሹራቧ ያው ነው። ሆዷ ያው ነው። እጇ በጭቃማው ገመድ ቆሽሿል። ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ አለች።

በዚያው ቅጽበት ከሴልዊን በኩል ጣራው ሦስቴ ተንኳኳ።

"ልለፍ?"

የመለሰለት የለም። እሱም አላለፈም።

ቴሳ እግሯን አነሣች። በኋላ በኩል፣ ከእኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ ጠርዙን ረገጠች። ሁለተኛ እግሯን አስከተለች። አጠገቤ ቆመች። ትንፋሿ ፊቴን ነካኝ።

በተከፈተው በር ወደ ውስጥ ተመለከትኩ።

ፋኖሱ አልተንቀሳቀሰም።

ከእግሬ በታች ያለው ብረት አልተንቀሳቀሰም። ልትወልድ የደረሰች ሴት ተሳፍራ... ውሃው አንዲት የሞገድ መስመር እንኳ አላወጣም። በፊት በኩል የወረደው ክብደት አልተመለሰም።

እጇን በእኔ በኩል አሳልፋ ሞተሩን አጠፋች። ጸጥ አለ። ከውስጥ፣ ከመኝታው በኩል፣ ሰዎች ለሌላ ሰው ቦታ ሲለቁ የሚሰማው ዓይነት የወለል ሲጥሲጥታ ሰማሁ።

ቴሳ ሆዷን በሁለት እጇ ደገፈችና፣ ለእኔ ሳይሆን በትከሻዬ አሻግራ ወደ ውስጥ እያየች፣ ጎረቤት ሁሉ በሚሰማው ድምፅ እንዲህ አለች፦

"የትም አንሄድም። ልጄ እዚሁ ነው የሚወለደው።"