ከላይ የታየው ግቢ

«ቁሚ! እዚያው ቁሚ! እንዳትነቃነቂ!» አለች ልደት።

ሳዳ ቆመች። ከሐረሩ ሸዋ በር ወጣ ብሎ ባለው ሆቴል አጥር ሥር፣ አንድ እግሯን ድንጋይ ላይ፣ ሌላውን መሬት ላይ አድርጋ፣ ታብሌቷን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ ይዛለች።

«ስንት መስመር ነው?»

«ሁለት። አይ፣ አንድ። አቦ እጅሽን አታንቀጥቅጪ!»

«ደከመኝ'ኮ!»

ታብሌቷ ከመጣች አምስተኛ ቀኗ ነው። የሰጣት አጎቷ ሀሚድ ነው፤ ሸዋ በር አጠገብ ስልክና ራዲዮ ይሸጣል። የስምንተኛ ክፍል ውጤቷን አይቶ፣ ምንም ሳይናገር ከመደርደሪያው አውርዶ ሰጣት። ቤታቸው ግን ኢንተርኔት የለም። አምስቱን ቀን ሙሉ ስታበራት፣ ስታጠፋት፣ የድመቷን ፎቶ ስታነሳ ቆየች። ዛሬ ከልደት ጋር ዋይፋይ ፍለጋ ከተማውን ዞሩ። በባንኩ በራፍ የዋይፋዩ ስም ይመጣል፣ አይከፈትም። ኬክ ቤቱ ጋ ይከፈታል፣ ወዲያው ይጠፋል።

የሆቴሉ ዘበኛ ጋሽ ወልደሚካኤል በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ።

«እናንተ ልጆች፣ አንቴና ልትተክሉልን ነው?»

«ዋይፋይ ፈልገን ነው ጋሽዬ» አለች ልደት።

«ታዲያ እንደ ሰው ገብታችሁ ጁስ አትጠጡም? የይለፍ ቃሉ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። አጥር ሥር ስትንጠላጠሉ የሚያይ ሰው እኔን ነው የሚታዘበኝ።»

ገቡ። አንድ የአቮካዶ ጁስ በሁለት ስትሮ አዘዙ። አስተናጋጇ ሁለቱንም ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸውና ሳቋን ይዛ ሄደች። ሳዳ የይለፍ ቃሉን ፊደል በፊደል አስገባች። ትንሿ ክብ ዞረች፣ ዞረች፣ ቆመች።

«ገባ» አለች በሹክሹክታ።

መጀመሪያ የዓሣ ነባሪ ድምፅ ሰሙ፤ ልደት ሁልጊዜ መስማት የምትፈልገው እሱን ነበር። ድምፁ ረጅም ነበር። ከሩቅ ክፍል የሚመጣ የሰው ለቅሶ ይመስላል። አጠገባቸው ያሉት ሰዎች ዞረው አዩአቸው። ሁለቱ ልጆች ግን ማንንም አላዩም። የማያውቁት ባሕር የአቮካዶ ጁስ አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

«አሁን ሐረር ብለሽ ጻፊ» አለች ልደት። «ካርታው ላይ። ከሳተላይት የሚለውን ንኪው።»

ሳዳ ነካችው። ቡናማና አረንጓዴ ምድር መጣ፤ መንገዶች እንደ ክር ተዘረጉ። ከዚያ፣ ጣቶቿን ስታራርቅ፣ ጀጎል ወደ እሷ ወጣ።

ግንቡ ከተማውን እንደ ሮማን ልጣጭ ከቦታል፤ ውስጡ ፍሬ በፍሬ የታጨቀ ነው። በየቀኑ የምትሄድባቸው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉ መንገዶች ከፀጉር ቀጥነዋል። አንዳንዶቹ ጨርሶ አይታዩም። አምስት ዓመት ሙሉ ስትኖርበት መልክ ያለው አልመሰላትም ነበር።

«ወላሂ፣ ያምራል» አለች።

«ድንች ነው የሚመስለው» አለች ልደት፣ ግን እሷም ድምፅዋ ዝቅ ብሏል።

ሳዳ ጣቷን ሸዋ በር ላይ አሳርፋ በዝግታ ሄደች። ገበያውን፣ ጊደር መጋላን፣ አለፈች፤ የነጋዴዎቹ ሸራዎች ተራ በተራ ይታያሉ። ወደ ግራ ታጠፈች። እዚህ የመስጊዱ ነጭ ጣሪያ፣ እዚህ ቧንቧው። ከመንገድ ላይ ቢሆን ግራ ቀኙ ረጅም ግንብና የተዘጋ በር ብቻ ነው። በጀጎል የሰው ግቢ ከውጭ አይታይም፤ ደጅ ቆመህ ትጣራለህ፣ ግባ ሲሉህ ትገባለህ። አሁን ግን የሁሉም ግቢ ተከፍቶ ተኝቷል። የማን ልብስ እንደተሰጣ፣ የማን በርሜል የት እንደቆመ ይታያል። ሳታንኳኳ የገባች መሰላትና አፈረች። ያም ሆኖ ዓይኗን መንቀል አልቻለችም።

«ያ'ውና የኛ!» አለች። «ያቺ ክብ አረንጓዴ ጊሽጣችን ናት።»

ልደት ተጠጋች። «ታዲያ ለምን ከግቢያችሁ ግንብ ወዲያ ሆነች?»

ሳዳ ምስሉን አተለቀችው። የቤታቸው ቆርቆሮ አለ። ኩሽናው አለ። በእነሱና በጎረቤታቸው በእማማ ሸምሲያ ግቢ መካከል ያለው ግንብ፣ ከነጥላው፣ ቀጥ ብሎ ይታያል። የጊሽጣው ዛፍ ያለው በእማማ ሸምሲያ በኩል ነው።

«ተሳስቷል» አለች ሳዳ።

«ሳተላይት እንዴት ይሳሳታል? ምስሉ የቆየ ነው እንጂ። እይ፣ የትምህርት ቤታችን አዲሱ ሕንፃ የለም። እሱ የተሠራው እኔ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ነው፣ አንቺ ገና ሳትመጪ።»

ሳዳ ምስሉን ደግማ አየችው። እነሱ ከጅጅጋ የመጡት ከአምስት ዓመት በፊት ነው። አጎቷ ሀሚድ ቤቱን ገዝቶ፣ በክረምት የወደቀውን ግንብ አሠርቶ፣ ለወንድሙ ለአባቷ ሰጠ። ሲገቡ ዛፉ በግቢያቸው ውስጥ ነበር። ጎረቤታቸው እማማ ሸምሲያ ግን «ዛፉ የኔ ነው» ይላሉ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። በየዓመቱ ጊሽጣው ሲበስል እናቷ በሳህን ሞልታ በሳዳ ትልክላቸዋለች። የጎረቤት ሳህን ባዶውን መመለስ ነውር ነው፤ እሳቸው ደግሞ ፍሬውን ሳይነኩ እንዳለ ይመልሱታል። «የራሴን ዛፍ ፍሬ ሰው አይልክልኝም» ይላሉ። እናቷ በዚህ ታዝናለች። አባቷ «አርጅተዋል፣ ተረስቷቸው ነው፣ አትቀየሚያቸው» ይላል። ሳዳ ደግሞ ድምፃቸውን እያስመሰለች ልደትን ታስቃለች። ባለፈው ሳምንት እንኳ አስቃታለች።

ልደት ይህንኑ ያስታወሰች ይመስላል፤ ስትሮውን በጣቷ አጣጥፋ ዘረጋችው።

«ፎቶ አድርገሽ አስቀሪው» አለች። «ከዚህ ስንወጣ ይጠፋል።»

ሳዳ ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫነች። ምስሉ ብልጭ ብሎ ታብሌቷ ውስጥ ቀረ።

ቤት ስትደርስ አጎቷ ሀሚድ ግቢው ውስጥ፣ ጊሽጣው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጧል። አባቷ ከድሬዳዋ ገና መመለሱ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሚኒባስ ሲነዳ ውሎ ቤት ውስጥ መደቡ ላይ ጋደም ብሏል።

«ነይ እስኪ የኔ አንደኛ!» አለ አጎቷ። «ዋይፋይ አገኛችሁ? አሳዪኝ፣ ምን ምን አየሽ?»

መልስ ሳትሰጠው ታብሌቷን ተቀበላት። የድመቷን ፎቶ አለፈ። ቀጥሎ ያለው ላይ ቆመ።

«ሱብሐነላህ» አለ። «ይሄ ጀጎል ነው? ከላይ?» ፊቱ የልጅ ፊት ሆነ። «የሰው ጥበብ እዚህ ደርሷል? ቆይ፣ ቆይ፣ ይሄ መስጊዱ ነው... ይሄ የኛ...»

ጣቱ ቆመ።

ሳዳ ጣቱን ታየዋለች። ከግንቡ ባሻገር የእማማ ሸምሲያ ባልዲ ድንጋይ ነካ፤ ውኃ ሲቀዳ ተሰማ።

«አጥፊው» አለ ሀሚድ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አጎቴ...»

«ግንቡ ሲወድቅ እሳቸው ልጃቸው ጋ ድሬዳዋ ነበሩ። ሦስት ወር። ግቢያችሁ ልብስ ማስጫ እንኳ አልነበረውም። ግንቡን የገፋሁት አራት እርምጃ ነው፣ ሳዳ። ለራሴ አይደለም፣ ለእናንተ ብዬ ነው።»

«አባ ያውቃል?»

«አያውቅም። ወንድሜን ታውቂው የለ? ቢያውቅ ኖሮ እዚህ አንድ ቀን አያድርም ነበር።»

ቢቆጣት ይቀላት ነበር። አልተቆጣም። ራሱ ሊያጠፋው ይችል ነበር፤ ግን ታብሌቷን መልሶ እጇ ላይ አስቀመጠላት፤ ከዚያም ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት አየ። ሳዳ ማጥፊያውን አገኘችው። ትንሽ የቆሻሻ መጣያ ቅርጫት ናት፣ ጥፍር የምታህል። ከቅርጫቷ በላይ ጀጎል እንዳለ ተዘርግቷል፣ ሺህ ጣሪያ፣ ሺህ ግቢ፣ ማንም ሳያውቅ አንድ ቀን በቀትር ከሰማይ የታየ። ያ ቀን እውነት ነበር። አሁን ከዚህ ቤት እሷና አጎቷ ብቻ ያውቁታል።

«ሳዳ!» አለ አባቷ ከውስጥ። «ምን አይታችሁ ነው እንዲህ ጸጥ ያላችሁት?»

አጎቷን አየችው። ቀና አላለም፣ «አትሂጂ»ም አላለም።

ጫማዋን ደጃፉ ላይ አውልቃ፣ ታብሌቷን ከነምስሉ ይዛ ገባች። አባቷ ተነስቶ ቦታ ለቀቀላት።

«አባ» አለችው፣ አጠገቡ እየተቀመጠች፣ «መነጽርህን አድርግ።»