ሩዙ ሳይቀዘቅዝ

ኦክጁ ስልኩን ስትዘጋ የሾርባ ጭልፋው ገና እጇ ላይ ነበር። ከጭልፋው የሚንጠባጠበው ሾርባ የመጋቢውን ደብተር አርሶታል። በደሴቲቱ ያለው ስልክ ይኸው የቤተ ክርስቲያኑ አንድ ስልክ ነው። መጋቢው ወደ ወደቡ ወርደው ስለነበር ከወጥ ቤት ሮጣ ያነሳችው እሷ ናት።

«ለስፌት መኪና ጠጋኙ ንገሩልኝ» ብላ ነበር አንዲት ሴት ከባሕሩ ማዶ ከሞክፖ ከተማ፣ ድምጿ እየተቆራረጠ። «እህትህ ናት በሉት። እናታችን አሁን አረፈች።»

ጭጋጉ ሦስተኛ ቀኑ ነው። መርከብ ስለሌለ አሥራ አንድ መንገደኞች ቤተ ክርስቲያኑ ወለል ላይ ያድራሉ። የሚበሉት የደሴቲቱ ሴቶች ሩዝ በቀቀሉ ቁጥር ለጌታ ብለው አንዳንድ ማንኪያ እየቀነሱ ያጠራቀሙትን ነው። የጥሬ ሩዙ ማሰሮ ዛሬ ተሟጧል፤ የመጨረሻው ተቀቅሏል።

ከመንገደኞቹ አንዱ፣ ጠጋኙ ጋሽ ፒዮ፣ ግን እስካሁን አንድ ጉርሻ አልቀመሰም። በየሰዓቱ ወደቡ ድረስ ወርዶ ፀጉሩ በጭጋግ ርሶ ይመለሳል። «እናቴ ሆስፒታል ናት» ይላል ላገኘው ሰው ሁሉ። ዛሬ የኦክጁ እናት ለምና፣ ለምና፣ በስንት መከራ ማዕድ ፊት አስቀምጣዋለች።

«እማዬ» አለች ኦክጁ። «የጋሽ ፒዮ እናት ሞቱ።»

እናቷ ሩዝ መጨለፏን አላቆመችም። «ማን ሰማ?»

«እኔ ብቻ።»

«እንግዲያው ዝም በይ። ሦስት ቀን እህል ያልቀመሰ ሰው መርዶ አይችልም። መጀመሪያ ይብላ።»

«እኔንም እንደዚህ ነው ያደረግሽኝ።»

የእናቷ እጅ ቆመ።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ የአባቷ አስከሬን ከባሕር በወጣ ቀን፣ ኦክጁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጎረቤቶች ቤቱን ሞልተውት ነበር። እናቷም እነሱም ብዪ አሏት፤ በላች። ስለ አስተማሪዋ ቀልድ አወራች፤ ማንም አልሳቀም። ዓሣ ጨምሩልኝ አለች፤ ጨመሩላት። የነገሯት ሳህኑ ባዶ ሲሆን ነው። ከሐዘኑ ይልቅ የሚያንገበግባት እስከ ዛሬ ያ ዓሣ ነው።

«ባትበዪ ኖሮ ትወድቂ ነበር» አለች እናቷ ቀስ ብላ።

«ብወድቅ ይሻለኝ ነበር።»

እናቷ ክዳን ያለውን የሩዝ ሳህንና ሾርባውን ትሪ ላይ አድርጋ አቀበለቻት። «ውሰጂለት፤ ሳይቀዘቅዝ።»

ጋሽ ፒዮ አዳራሹ ጥግ፣ አጭሯ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጧል። ክዳኑን ሲያነሳው እንፋሎቱ ፊቱን ሸፈነው።

«ጭጋጉ አልሳሳም?» አላት። «የወደቡን መብራት ያየሁ መሰለኝ።»

«እኔ አላየሁም፣ ጋሼ።»

ማንኪያውን አነሳና አመነታ። «እናንተ ከመብላታችሁ በፊት የምትሉትን በይልኝ እስቲ። እኔ ከጌታችሁ ጋር ትውውቅ የለኝም። አንቺ ትሻዪኛለሽ። እናቴን እስክደርስ አቆይልኝ በይልኝ።»

ኦክጁ ተንበርክካ ዓይኗን ጨፈነች። «አባታችን ሆይ» አለች። ከዚያ ወዲያ ቃል አጣች። ስለ ምግቡ ብቻ አመስግና አሜን ማለት ትችል ነበር፤ ውሸት አይሆንም። ሰውየውም ይበላ ነበር። ዓይኗን ስትገልጥ እናቷን የውሃ ኩባያ ይዛ በሩ ላይ ቆማ አየቻት።

«ጋሼ፣ ማንኪያውን ያስቀምጡልኝ።»

አስቀመጠው። ፊቷን አይቶ ገባው። «መቼ?» አለ።

«አሁን። ሾርባውን ስቀዳ እህትዎ ደወሉ።»

«ሌላ ሰው ሰምቷል?»

«እኔና እናቴ ብቻ ነን።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረ፣ ግንባሩን አስደገፈና ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ወደ ጎን ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ኦክጁ ፈራች። እማዬ እውነቷን ነበር ብላ አሰበች። እናቷ መጥታ ጭንቅላቱ ሥር ትራስ አደረገችለት፤ ውሃውን አጠገቡ አስቀመጠች። ሌሎቹ መንገደኞች አንድ በአንድ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

ኦክጁ የሩዙን ሳህን ከደነችው። የወጥ ቤቱ ምድጃ ሙቀት ከሥሩ የሚያልፍበት የወለሉ ክፍል ሁልጊዜ ትኩስ ነው፤ ሳህኑን እዚያ አስቀምጣ ብርድ ልብስ ደረበችበት። በደሴቲቱ እንዲህ የሚደረገው ከባሕር ለሚዘገይ ሰው ነው። አባቷ በጠፋ ሰሞን እናቷ ዘጠኝ ቀን ሙሉ የእሱን ሳህን እንዲሁ ሸፍናለት ነበር።

እናቷ ብርድ ልብሱን አየችው።

«ሁለት እጥፍ አድርጊው» አለች። «ሊቆይ ይችላል።»

ኦክጁ አጠፈችው፤ ከዚያ ሳህኑ አጠገብ ተቀመጠች።